የገና ልጅ ልደቷ መቼ ይሁን? ላልሽው

እህቴ፣ እንደገባኝ ከሆነ ልጅሽ የተወለደችው በ2016 በገና ዕለት ነው፣ በመጪው ታኅሣሥ ሦስት ዓመት ይሞላታል። አማትሽ «የገና ልጅ ናት፣ ከገናው ጋር ይሁንላት» ይላሉ፣ አንቺ ደግሞ ለብቻው እንዲሆን ትፈልጊያለሽ። የእኔም ልጅ የታኅሣሥ 25 ነው፣ እኔም እንዳንቺ የደብረ ብርሃን ነኝ፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨቃጭቄያለሁ።

መጀመሪያ ቀኑን እናጥራው። 2016 በየአራት ዓመቱ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። በሌሎቹ ዓመታት ግን 29 ነው። ስለዚህ በ2019 የልጅሽ ቀን ረቡዕ፣ የገና ዋዜማ፣ ጾሙ ሳይፈታ ይውላል። ልጅቷ አትጾምም፣ እንግዳው ግን ይጾማል። የጾም ኬክ ይገኛል ትዪኝ ይሆናል፤ ይገኛል። ግን በዋዜማ ማን መጥቶ ይበላልሻል? ሴቱ ሽንኩርት ሲያቁላላና ዶሮ ሲበልት፣ ወንዱ ከገበያ በግ ሲጎትት ይውላል፤ ማታ ደግሞ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለዕለቱ ጠዋት ፈንዲሻ አፍኪላት፣ አንድ ሻማ ለኩሺላት፣ ፎቶ አንሺያት፣ ይበቃል።

በገናው ዕለት ማድረጉንም አልመክርሽም። እማማ ክፉ አስበው አይደለም። በእሳቸው ዘመን ለልጅ የሚደገሰው ለክርስትና ነው፤ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን፣ ከዚያ ወዲያ ሠርግ ነው። በየዓመቱ ልደት ማለት ለእሳቸው የከተማ ሰው ነገር ነው። ችግሩ ግን በገና ሁሉም ቤት የየራሱ እንግዳ አለው። የሚመጡልሽም ልጆች ሦስት ቤት ዶሮ በልተው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ነው፤ ኬኩን በጣታቸው ነካክተው ይተዉታል። ደግሞ ልጅ ሲያድግ ይቆጥራል። የእኔው ልጅ ለበዓል የገዛሁለትን ጃኬት «ይሄ ለልደትህም ነው» ስለው፣ «ለእህቴ ግን ሁለቴ ነው የተገዛላት» አለኝ። እህቱ የግንቦት ናት። ምን ልመልስለት? የገና ልብሷንና የልደት ስጦታዋን አታቀላቅዪ፤ ስጦታው ኳስም ቢሆን ለየብቻው ይሁን።

እኔ ብሆን እሑድ ጥር 2ን ነው የምይዘው። ገና ሐሙስ ነው፣ ዓርብ ጾም ነው፣ ቅዳሜን ቤትሽን ታጸጂበታለሽ። እሑድ ሰዉ በዓሉን ጨርሶ ሥራ ሳይገባ ታገኚዋለሽ። ካልተመቸሽ ቅዳሜ ጥር 8ም ይሆናል፣ ግን ዋዜማው ጥር 7 ሥላሴ ነው፤ የደብረ ብርሃን ሰው በሥላሴ እንዴት እንደሚሆን አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ዝክር ያለበትም ብዙ ነው። ሰኞ ጥር 10 ገሃድ፣ የጥምቀት ዋዜማ ጾም፣ ስለሆነ አይነካም። ከጥምቀት ወዲያ ደግሞ ሠርግ ይጀምራል፤ የእድሩን ወንበርና ትልልቅ ድስት ሠርገኛው ይወስደዋል፣ አንቺ ለሃያ ልጅ ብለሽ ብትጠይቂ የሚሰማሽ የለም።

ከበዓሉ በኋላ መሆኑ ለኪስም ይጠቅማል። እንቁላልና ዶሮ ለበዓል ሰማይ ይነካል፣ በማግስቱ ረገብ ይላል። በጉን ለገና ስታሳርዱ አንዱን ታፋ ለይተሽ አስቀምጪ። ፍሪጅ ካለሽ ለልጆቹ አልጫ ይሆናል፣ ከሌለሽ የዚያኑ ዕለት ዘልዝለሽ ስቀዪው፤ በእኛ አገር የጥር ነፋስ ቶሎ ያደርቅልሻል፣ ቋንጣ ፍርፍር ደግሞ ልጅ ይወዳል። ጠላው ለአዋቂዎቹ ከገናው ይተርፋል። አዲስ የሚያስፈልግሽ ኬክ፣ ለስላሳና አንድ ድፎ ዳቦ ነው። ኬኩን ከበዓሉ በፊት እዘዢ፣ ቀብዱንም ክፈዪ፣ ቅዳሜ ደግሞ ደውለሽ አስታውሺያቸው፤ በበዓል ትዕዛዝ መሃል የልጅ ስም ተሳስቶ መጻፉ የተለመደ ነው።

ሰዓቱን አደራ። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ጥር ደግሞ ውርጭ ነው። ጥሪሽን ለ6 ሰዓት አድርጊው፣ 9 ሰዓት ላይ ልጆቹን ሸኚ። ከዚያ ካለፈ ነፋሱ ይነሳል፣ እናቶቹም ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው ሲቁነጠነጡ ታያለሽ። ጨዋታው ፀሐይ ላይ፣ ኬኩ ቤት ውስጥ ይሁን፤ ደጅ ካደረግሽው ሻማውን የሚያጠፋው ነፋሱ ነው፣ ልጅቷም ታለቅሳለች። ፊኛም ደረቅ ሣር ላይ አታስቀምጪ፣ አንድ በአንድ ይፈነዳል።

ለእማማ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው፤ በ2020 አራት ዓመት ሲሞላት እንደገና ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ታኅሣሥ 28 ራሱ ገና ይሆናል። ዓርብ ቢውልም ገና ስለሆነ አይጾምም። የዚያን ዓመት እሳቸው ይደግሱላት፣ የዘንድሮውን ግን ላንቺ ይተዉልሽ።