መልስ፦ ያለ ትልቅ አሳታሚ ግጥም ማሳተም

ወንድሜ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ገጣሚዎች ያለ ትልቅ አሳታሚ እንዴት እንደዘለቁ ጠይቀሃል። በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ የተቋቋመውን ብሮድሳይድ ፕሬስ የተባለ ትንሽ አሳታሚ ተመልከት። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዱድሊ ራንዳል እ.ኤ.አ. በ1965 ከደመወዙ 12 ዶላር አውጥቶ ጀመረው። ዘዴው አንድ ግጥም በአንድ ነጠላ ወረቀት ማተም ነበር። የጥራዝ ወጪ ስለሌለው ዋጋው ለሠራተኛው ሰው አይከብድም፤ ግድግዳ ላይም ይለጠፋል። መነሻው ራሱ አንድ ዘፋኝ የራንዳልን ግጥም በዜማ ሊሠራው ሲል የደራሲነት መብቱን ለማስጠበቅ ነው፤ ስለዚህ አንተም መብትህን አስቀድመህ አስመዝግብ። ፑሊትዘር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት ያገኘችው ገጣሚ ግዌንዶሊን ብሩክስ ትልቁን አሳታሚዋን ትታ ወደ ብሮድሳይድ መምጣቷ እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ ስሟ ብሮድሳይድ ላሳተማቸው ወጣት ገጣሚዎችም አንባቢ ሳበ።

ብሮድሳይድን የጎዳው ዱቤ ነው። መደብሮች ክፍያ ሲያዘገዩ ማተሚያ ቤቱ ግን አይጠብቅም። ለመደብር ስትሰጥ የቅጂው ብዛትና የመክፈያው ቀን የተጻፈበት ወረቀት አስፈርም፤ የመጀመሪያው ዙር ሒሳብ ሳይገባ ሁለተኛውን አታስረክብ።