ስለ ቆዳ ጠይቁኝ፦ ጭርት፣ ቁንጭር፣ ለምጽ፣ እከክና ሌሎችም

እንደምን አላችሁ የወሎ ልጆች? ደሴ ላይ በቆዳ ሕክምና የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ቆዳ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እነሆ እየመለስኩ ነው። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። «ጭርት ይዞኛል» ብላችሁ ብቻ አትጻፉልኝ። የት ወጣ? በምን ጀመረ? ያሳክካል ወይስ ያማል? ምን ተቀባችሁበት? እሱን ንገሩኝ። ስሙ በኋላ ይደርሳል።

ከኮምቦልቻ፦ ሐኪሙ ካርዴ ላይ «ማኪዩል»፣ «ፓፑል» ብሎ ጻፈ። የበሽታ ስም ነው?

ሸጋ ጥያቄ ነው። የበሽታ ስም አይደለም፤ ያየውን ነው የጻፈው። ማኪዩል ቀለሙ ብቻ የተለወጠ ቦታ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ብትዳስሰው አታገኘውም። ፓፑል እጅ የሚያገኘው፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ እብጠት ነው። ከዚያ ተልቆ ወደ ውስጥ ከጠለቀ ኖዱል ይባላል። ውሃ የቋጠረው ቬሲክል፣ መግል የቋጠረው ፐስቹል ነው። ብዙ የቆዳ በሽታ ሲጀምር ስለሚመሳሰል፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ያየውን ይጽፋል፤ ስም የሚሰጠው ቀጥሎ ነው።

ከሐይቅ፦ አንዱ ቁስል ጠባሳ ይተዋል፣ ሌላው አይተውም። ለምን?

ጥልቀቱ ነው። የላዩ ቆዳ ኤፒደርሚስ ይባላል፤ ቀለማችንን የሚሠሩት ሴሎች እዚያ ናቸው። ከሥሩ ደርሚስ አለ፤ የደም ሥሩ፣ ነርቩ፣ የላብ ዕጢው፣ የፀጉሩ ሥር ያለው እሱ ውስጥ ነው። ከዚያ በታች ስብ ነው። ላዩ ብቻ ከተላጠ ያለ ጠባሳ ይድናል። ደርሚስ ድረስ ከዘለቀ ጠባሳ ይቀራል። ብጉር ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጥቁረት ግን ጠባሳ አይደለም፤ በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። ብቻ ብጉሩን አትጭመቁት።

ከኩታበር፦ አፍንጫዬ ጎን ትንሽ እብጠት ወጣ። ወራት ሆነው። አያመኝም። አሁን ቅርፊት ይዞ ቆስሏል።

ሳላይህ መፍረድ አልችልም። ግን ከኩታበር ነህ፣ ፊት ላይ ነው፣ አያምም፣ ወራት ቆይቷል። ይሄ ሁሉ ቁንጭርን ያስጠረጥረኛል። ሌሽማንያ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው የሚያመጣው። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከትንኝ ታንሳለች፣ የምትነክሰው ሲመሽ ነው። ሽኮኮ በሚኖርበት ገደልና ዋሻ አካባቢ ትገኛለች፤ ተሕዋሱን የምታገኘውም ከሽኮኮው ነው። በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

እባክህ በጋለ ብረት አታስተኩሰው። ጠባሳው ከበሽታው የባሰ ይሆናል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂድ። ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ፍቀው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ገና ትንሽ ከሆነ በጣም በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ወይም ቁስሉ ላይ መርፌ መውጋት ሊበቃ ይችላል። ከሰፋ ሕክምናው ይረዝማል።

ከወረኢሉ፦ የእህቴ ልጅ ጀርባ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ወጣ። አንዱ ለምጽ፣ ሌላው የሥጋ ደዌ ይላል። እናቷ ከሰው ደብቃታለች።

አብሽሪ እህቴ። ለምጽ ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ሲጠፉ የሚመጣ ነው። ወተት የመሰለ ንጣት ነው፤ አይተላለፍም፣ ስሜትም አያሳጣም። የሥጋ ደዌ ምልክት ግን እንዲያ አይነጣም፤ ደብዘዝ ወይም ቀላ ይላል። ብዙ ጊዜም ይደነዝዛል።

እኛ የምናየው እንዲህ ነው። ጥጥ ጫፉን እናሾላለን። መጀመሪያ ዓይኗን ገልጣ ክንዷ ላይ ነካ እናደርግና «የነካሁሽን በጣትሽ አሳዪኝ» እንላታለን። ከገባት በኋላ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንዴ ደህናውን ቆዳ፣ አንዴ ምልክቱን እንነካለን። ደህናው ላይ ጣቷ ቶሎ ይመጣል። ምልክቱ ላይ ዝም ካለች ነገሩ ያሳስባል። ቤት ሞክራችሁ «ተሰምቷታል» ብላችሁ ግን እንዳትቀሩ። ሁሉም አይደነዝዝም፤ ሐኪም ይያት።

የሥጋ ደዌ ቢሆንም ይድናል። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፏ ያቆማል። የሚጎዳት መደበቋ ነው። በቆየች ቁጥር የእጅና የእግሯ ነርቭ ይጎዳል፤ እሱ አንዴ ከተጎዳ መመለሱ ከባድ ነው። ለእናቷ በእኔ ስም ንገሪያት፤ ነገ ዛሬ ሳትል ትውሰዳት።

ከመርሳ፦ ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊት ሌሊት ያሳክከናል። ልጆቹን ብናሳክምም ተመለሰ።

በጣት መሀል፣ አንጓ ላይ፣ እምብርት ዙሪያ ሽፍታ ካለ እከክ ነው የሚመስለው። የተመለሰው ልጆቹ ብቻ ስለታከሙ ነው። እከክ ላይ ቤተሰብ አይከፈልም፤ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም በአንድ ሌሊት ይቀባል። ፐርሜትሪን 5 ፐርሰንት የሚባለው የእከክ ቅባት ከተሰጣችሁ ከአንገት በታች አንድም ቦታ ሳይቀር፣ ጥፍር ሥር ጭምር፣ ተቀብታችሁ እደሩና ጠዋት ታጠቡ። በሳምንቱ ይደገማል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ካለ መጀመሪያ ጠይቁ። ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ ይታጠብ። ማሳከኩ ከዳናችሁም በኋላ ጥቂት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል አትደንግጡ። በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ በክልላችን እከክ እንዴት እንደተሰራጨ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ውሃ ሲጠፋና ሰው ሲጨናነቅ ይበረታል፤ ማንም የሚያፍርበት ነገር አይደለም።

ከደሴ፦ ጭርት ብለው ክሎቤታሶል ሸጡልኝ። ሲቀባ ይጠፋል፣ ሳቆም ብሶ ይመጣል።

ይሄ በየቀኑ የሚያናድደኝ ነገር ነው። «ጭርት» የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ፈንገስ ነው፤ ክብ ይሠራል፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ ይላላጣል፣ መሀሉ ይጠራል። ሌላው ኤግዚማ ነው፤ ክንድና ጉልበት መታጠፊያ ላይ ይደርቃል፣ ያሳክካል፣ አስም ባለበት ቤተሰብ ይበዛል። ክሎቤታሶል ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ማለት ነው። ኤግዚማን ያስታግሳል፤ ፈንገስን ግን መቅላቱን ብቻ ደብቆ ሥር ሥሩን ያስፋፋዋል። ቅባቱን ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ተፍቆ ይታይ። ፊት ለማንጣት የምትቀቡትም፣ ወላሂ ተዉት። ቆዳችሁን ያሳሳዋል።

ከባቲ፦ ደረቴ ላይ ቋቁቻ በየበጋው ይመለሳል።

ሙቀትና ላብ ነው። ቋቁቻን የሚያመጣው እርሾ መሳይ ፈንገስ ድሮም ቆዳችን ላይ አለ፤ ከንጽሕና ጉድለት አይደለም። ኬቶኮናዞል በሚባል የፈንገስ መድኃኒት ይድናል። ቀለሙ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፣ ታገሥ።

አባቴ ጎኑ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣበት፣ ሦስት ቀን እንጠብቅ?

አትጠብቁ። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ዓይን አካባቢ ከሆነማ አሁኑኑ ውሰዷቸው።

ከወገልጤና፦ ልጄ ራሱ ላይ ቆረቆር አለ። ቅባት አልሠራም አለ።

አይሠራም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ነው ያለው፣ ቅባት እዚያ አይደርስም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግሪሶፉልቪን ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ቶሎ ቢሻለውም አታቋርጪበት። ማበጠሪያና ኮፍያ ከእህት ወንድሞቹ ይለይለት፤ የነሱንም ራስ እዪ። ኪኒኑ ስብ ካለው ምግብ ጋር ነው በደንብ የሚሠራው፤ ወተት ካለ ከወተት ጋር ስጪው።