ናሙናሽን ይዘሽ ሄርባሪየም ከመሄድሽ በፊት

እህቴ፣ «ለመመረቂያ ጽሑፌ የመድኃኒት ዕፅዋት ሰብስቤ አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቤት) ወስጄ ዝርያቸውን ላስለይ ነው፣ ምን ልዘጋጅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። የደረሰብኝ አንቺ ላይ እንዳይደርስ ልንገርሽ።

1. የትብብር ደብዳቤሽን ሦስት አራት ኮፒ ያዢ። እኔ አንድ ብቻ ይዤ ሄድኩ። የወረዳው ኃላፊ ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሦስት ቀን አመላለሰኝ። በመጨረሻም ሰው ፊት «ቅጠል ለመልቀም ነው ይሄ ሁሉ?» አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ደኑ እየሳሳ ነው፣ ነገ ምን ይበቅልበት እንደነበር የሚመሰክረው ይሄ ናሙና ነው ብዬ ላስረዳው ስጀምር ስልኩን አነሳ።

2. አበባ ወይም ፍሬ የሌለው ቅንጣቢ አትያዢ። ዋናው ይሄ ነው። እኔ ጊዜ አገኘሁ ብዬ በደረቁ የካቲት ወጣሁ። 43 ናሙና ሰበሰብኩ፣ አብዛኛው ቅጠል ብቻ። ያውም በፌስታል! ማታ ስከፍተው ግማሹ ጠቁሯል።

ሄርባሪየም ያገኘኋት ባለሙያ አንዱን አንስታ «ይሄ የቱ እምቧይ ነው?» አለችኝ። እኔ እምቧይ አንድ ይመስለኝ ነበር። ከቁም ሳጥኑ ሦስት የደረቁ ናሙናዎች አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችልኝ። ቅጠላቸው ለእኔ ዓይን አንድ ነው፤ ፍሬያቸው ግን ለየቅል። መለያው መጽሐፍ፣ ያ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 ያለቀው ባለ 8 ቅጹ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ፣ አብዛኛው ጥያቄው ስለ አበባና ስለ ፍሬ ነው። ከ43ቱ የተለዩት 17 ብቻ ሆኑ። አማካሪዬ አልቀበልም አለ። ዓመቴ ተቃጠለ።

በመስከረም መጨረሻ፣ አደይ ሲፈነዳ፣ ተመልሼ ሄድኩ። ያን ጊዜ እዛው ተክሉ ሥር ቆሜ ነው የጻፍኩት፦ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የአበባውን ቀለም (ሲደርቅ ይጠፋል)፣ የአካባቢውን ስም። ጋዜጣ መሀል አድርጌ ጠፍሬ አሰርኩ፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀየርኩ። ኮሶ ካለሽ ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ ስለሆነ ከየትኛው እንደቆረጥሽ ጻፊ፤ ቀላ ያለው አበባ የሴቴው ነው።

3. ሥር ስለመቆፈር። ይሄን ስጽፍ ያመኛል። አንድ አዛውንት መድኃኒት አዋቂ ያሳዩኝን ተክል ከነሥሩ ነቀልኩት። «ልጄ፣ እዚህ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች» አሉኝ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልቆጥር አልነካም፤ አምስት ስድስት ካልሞላ ፎቶ ብቻ አነሳለሁ። የዘር ባንክ አለ አይደል ወይ እንዳትዪኝ። እዛ ዘሩ የሚቀመጠው በቅዝቃዜ ነው፤ ሁሉም ዘር ደግሞ ቅዝቃዜ አይችልም። ቡናን ራሱ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጅማ አካባቢ ጮጬ ላይ ዛፉን ተክሎ ነው የሚጠብቀው።

በሁለተኛው ዙር ካመጣኋቸው ሁለት ብቻ ናቸው ያልተለዩት። አንዷ ናሙናዬ ደህና ስለደረቀች እዛው ቀርታለች፣ ስሜና ቁጥሬ ከታች ተጽፎባት። ባለፈው ሄጄ አይቻታለሁ።

የእንጨት ፕሬስ (ናሙናውን ከነጋዜጣው ጠፍረው የሚያደርቁበት) ከሌለሽ አትግዢ፣ የኔን አውስሻለሁ። አንዱ ቀበቶ ላልቷል፣ እሱን ብቻ ቀይሪው። ግን ክረምቱ ሳይወጣ እንዳትሄጂ።