መልስ፦ ከአእምሯችሁ ያልወጣ የሮክ ዘፈን የቱ ነው?

በፊልም ወይም በተከታታይ ድራማ ሰምተን ያልረሳነውን ዘፈን ነው የጠየቅከው አይደል? የኔ የአሜሪካው ሮክ ባንድ የጆርኒ «ዶንት ስቶፕ ቢሊቪን» ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ቢሆንም እኔን የያዘኝ ስለ አንድ የማፍያ አለቃ በሚተርከው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ፣ በ«ዘ ሶፕራኖስ»፣ የ2007ቱ የመጨረሻ ክፍል ነው። (ያላየኸው ከሆነ እዚህ ጋ አቁም!) አለቃው ቶኒ ምግብ ቤት ገብቶ ዘፈኑን ይመርጣል፣ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ይመጣል፣ ሴት ልጁ ውጭ መኪናዋን ለማቆም ትታገላለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቤ ድው ድው ይላል። ከዚያ ቶኒ ቀና ሲል ዘፈኑ «ስቶፕ» የምትለዋ ቃል ላይ ተቆረጠ፤ ስክሪኑም ጨለመ። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎኝ ሪሞቱን አነሳሁ። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ከዚያ የተሻለ አጨራረስ አይታየኝም። ዘፈኑን ስሰማ ዛሬም ዓይኔ ወደ በር ይሄዳል። ከፊልም ሰምቼ ያልረሳሁትን ሌላ ቀን እነግርሃለሁ፣ እሱ ከተጀመረ አያልቅም።