ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ሰነድ እንዴት ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ድምፅ ከመስጠቴ በፊት የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያ ስለሰጠው እርዳታ ሰነዱን ማየት እፈልጋለሁ። ይሰጡኛል?

መልስ፦ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ የመረጃ ነፃነት ሕጉ ዜግነት እንኳ አይጠይቅም። ጥያቄዎን ሰነዱን ለያዘው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይላኩ። ኮንግረስና ፍርድ ቤቶች ግን በሕጉ አይሸፈኑም። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው «ስለ ኢትዮጵያ ያላችሁን ሁሉ» ሲባል ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ወረፋ ላይ ይከርማል። የቢሮውን ስም፣ ፕሮጀክቱንና ወራቱን ለይተው ይጻፉ። ለንግድ ካልሆነ 2 ሰዓት ፍለጋና 100 ገጽ ነፃ ነው።

ሕጉ መልስ በ20 የሥራ ቀን ይሰጥ ቢልም መዘግየት የተለመደ ነው፤ ያሳዝናል። የገጹ ጽሑፍ በጥቁር ተሸፍኖ ከመጣ አጠገቡ የተጻፈውን ምልክት ይዩ፤ ከ9ኙ የክልከላ ምክንያቶች የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል። «ቢ5» የውስጥ ምክክር ማለት ነው፤ ከልክ በላይ ስለሚለጠጥ ዝም አይበሉ፣ ይግባኝ ይጠይቁ። ለይግባኙ ቢያንስ 90 ቀን አለዎት።