ስንጥቁን ተወውና መጀመሪያ የሞተሩን ግድግዳ ብሳው

ከቁንዝላ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። 6 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከ20 ዓመት በላይ የሠራ የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዝተህ ግቢህ አስገብተሃል። ሆዱ ላይ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ አለ። ሞተር የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳም «ትንሽ ይነቃነቃል» ብለሃል። የምትጠይቀው ግን ለስንጥቁ ስንት ኪሎ ሬዚን (ፋይበሩን የሚያያይዘውን ፈሳሽ ሙጫ) ልግዛ ብለህ ነው።

ስንጥቁ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ አያሳስብህ። እኔን ያስደነገጠኝ ያ «ትንሽ ይነቃነቃል» ያልኸው ነው። ግድግዳው ሁለት የፋይበር ግላስ ልባስ ሆኖ መካከሉ ላይ ኮምፔንሳቶ አለ። ከተነቃነቀ ብዙ ጊዜ እንጨቱ በስብሷል ማለት ነው፤ ሞተሩን ተሸክሞ የቆመው ያ እንጨት ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት እንዲህ ያለ ግድግዳ ሞተሩን ይዞ ይገነጠላል። ስለዚህ አንድ ብር ሳታወጣ እነዚህን አድርግ።

1. በትንሽ መዶሻ ጀልባውን ጥግ ለጥግ አንኳኳው። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፤ ልባሱ የተላቀቀበት ወይም እንጨቱ የበሰበሰበት ካርቶን እንደመምታት ድፍን ይላል። ድፍን ያለውን ሁሉ በጠመኔ ክበበው። ስንጥቁ አጠገብ ብቻ እንዳትቆም።

2. ግድግዳውን ከውስጥ በኩል በ6 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ አራት ቦታ ብሳው፦ ሁለቱን ከሞተሩ ቡሎኖች በታች፣ ሁለቱን ከታች ውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ አጠገብ። ከትራፓኖው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ፕላስተር ጠቅልልበት፤ ወደ ውጭ እንዳይዘልቅ። የሚወጣው ፍርፋሪ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ተመስገን በል። ጥቁር፣ እርጥብ፣ በጣትህ ስትጨምቀው እንደ ቡና አተላ ውሃ የሚለቅ ከሆነ ግድግዳው ይከፈታል፤ ሌላ መንገድ የለውም። በቀዳዳው ሙጫ በመርፌ አስገባበት የሚልህን አትስማ፤ እርጥብ ብስባሽ ላይ ምንም አይያዝም።

3. ወለሉ ሥር ፎም ካለ ከዝቅተኛው ቦታ ትንሽ ቆርጠህ አውጣና ጭመቀው። የድሮ ፎም ውሃ ይጠጣል፤ ጠጥቶም አይለቅም። ጀልባው «ከበደ» ሲባል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። አውጥተህ ጣለው፤ በምትኩ ከወንበሮቹ ሥር ክዳናቸው በደንብ የታሸገ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች እሰር። አንዱ ወደ 20 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ 15 ከሆኑ 300 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ሲንቀሳቀሱ እንዳያመልጡ በጠፍር ጠርቅመህ እሰራቸው።

4. አድርቀው። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ ገንዘቡን የሚያጣው፤ እኛም ያጣነው እዚሁ ነው። ክረምቱን በሸራ ሥር ከምንቦዝን ብለን ነሐሴ ላይ ለጠፍን፤ ጥቅምት ላይ ልጣፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በእጅ ተነሳ። እርጥበት ባለበት ሬዚን ከድሮው ፋይበር ጋር አይጋባም፤ ከላይ ደርቆ ያሳሳትሃል እንጂ። እኛ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም ሬዚን አትንካ። በክረምት አንኳኳ፣ ቁረጥ፣ ቆፍር፣ ፍቀህ ክፍት አድርገህ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተወው፤ ልጣፉን ኅዳር ላይ ጀምር። መድረቁን ለማወቅ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ግልጽ ፕላስቲክ ለጥፈህ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገውና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውለው። ውስጡ ላብ ካወጣ ገና ነው።

የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው ጀልባ አይጎዳም የሚል ወሬ አለ። ለሞተሩ ብረት እውነት ነው፤ ለፋይበር ግላስ ግን ተቃራኒው ነው። ጨው አልባ ውሃ ወደ ልባሱ ይበልጥ ሰርጎ ይገባል። የሆዱ ቀለም ሥር ምስር የሚያካክል እባጭ ካየህ በመስማር ጫፍ ውጋው፤ ዓይንህን በመነጽር ሸፍን፣ ይረጫልና። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ቦታው ተፍቆ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ወራት መድረቅ አለበት።

አሁን ግድግዳው። ከውስጥ በኩል ክፈተው፤ የውጩን ልባስ አትንካ፣ ቅርጹን የሚጠብቅልህ እርሱ ነው። በግራይንደር ከጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለህ የውስጡን ልባስ ዙሪያውን ቁረጥና አንሳው፤ ለአዲሱ እንጨት መለኪያ ይሆንሃል። ብስባሹን በመሮ ጠርገህ አውጣ፤ የውጩን ልባስ ውስጠኛ ፊት በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥር 40፣ እስኪሻክር ፈግፍገው። የድሮውን እንጨት ውፍረት ሳትለካ እንዳትጥለው። ብዙ ጊዜ 36 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሁለት ኮምፔንሳቶ ደርበህ ትሠራዋለህ። ገበያ ላይ «ውሃ አይፈታውም» ተብሎ የሚሸጠውን ሁሉ አትመን፤ ቁራጭ ለምነህ ድስት ውስጥ ሁለት ሰዓት ቀቅለው። ንብርብሩ ከተላቀቀ ለቁም ሳጥን እንጂ ለጀልባ አይሆንም።

እንጨቱን በሁለቱም ፊት ሬዚን አጠጣው፤ ጠርዞቹን ሦስት ጊዜ፣ ምክንያቱም ውሃም ሬዚንም የሚጠጣው ጠርዙ ነው። በውጩ ልባስና በመጀመሪያው ኮምፔንሳቶ መካከል፣ እንደዚሁም በሁለቱ ኮምፔንሳቶዎች መካከል አንድ አንድ ንብርብር ባለ 450 ግራም ማት (ካሬ ሜትሩ 450 ግራም የሚመዝን የፋይበር ግላስ ንጣፍ) በሬዚን አርሰህ አስገባ። ከዚያ በሞተሩ ቀዳዳዎች ጊዜያዊ ቡሎን አሳልፈህ፣ በሁለቱም በኩል ጣውላ ደግፈህ፣ ሬዚኑ በየጠርዙ እስኪተፋ ድረስ አጥብቀው። ሬዚን ያልተፋ ጠርዝ ካለ እዚያ ጋ ባዶ አየር አለ። ቡሎኖቹን ቅባት አስነካቸው፣ አለዚያ እዚያው ይቀራሉ።

ከውስጥ ደግሞ ሦስት ንብርብር ማት። ንብርብሮቹ ወደ ጎኑና ወደ ወለሉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይታጠፉ። ማት ቀጥ ያለ ጥግ ላይ አይታጠፍም፤ ይነሳና አየር ይይዛል። ስለዚህ ጥጉን አስቀድመህ በወፈረ ሬዚን ክብ አድርገህ ሙላው፤ በማንኪያ ጀርባ ብትስበው ልክ ይመጣልሃል።

የስሌቱ ነገር፦ ግድግዳህ 1.5 ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 0.75 ካሬ ሜትር ነው። ሦስት ንብርብር ባለ 450 ግራም ማት 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ማት የክብደቱን ሁለት ተኩል እጥፍ ሬዚን ይፈልጋል፤ ስለዚህ 2.5 ኪሎ። እንጨቱን ማጠጫ፣ የመካከሉ ማት፣ የጥጉ ሙሌትና የሚባክነው ተጨምሮ ለግድግዳው ብቻ 6 ኪሎ ያዝ።

ሬዚን ስትገዛ ተጠንቀቅ። ሬዚን ዕድሜ አለው፤ ጥላ ውስጥ ተቀምጦም ወራት ነው የሚቆየው። እኛ የገዛንበት ሱቅ ከበርሜል በሃይላንድ ቀድቶ ነበር የሚሸጠው። የተመረተበትን ቀን ብንጠይቅ ሻጩ ተቆጣን፤ ሃርድነሩ (ሬዚኑን የሚያደርቀው ፈሳሽ) ስንት ይግባ ስንለው «ዝም ብላችሁ አብዙት» አለን። ሦስት ቀን ሙሉ እጅ የሚይዝ ሙጫ ሆኖ ቀረ፤ በመፋቂያና በአሴቶን ስንፍቅ ሰነበትን። 8 ኪሎ አፈር በላ። ቀኑን የማያሳይህን ሻጭ ትተህ ሂድ፤ አታፍር።

የገዛኸውን ሁሉ ደግሞ ፈትነው። 100 ግራም ሬዚን ላይ 1.5 ግራም ሃርድነር ጨምር። ሞቅ ባለ ቀን በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ጄሊ ካልረጋ፣ በማግስቱም በጥፍርህ ስትጭረው ምልክት ከያዘ መልሰው። መደበኛው መጠን ለ1 ኪሎ 15 ግራም ነው፤ በሲሪንጅ ከ13 እስከ 14 ሚሊ ሊትር። የጥር ጠዋት ሲቀዘቅዝ እስከ 20 ግራም፣ የመጋቢት ሙቀት ላይ 10 ግራም። ከዚህ በላይ ካበዛኸው ይግላል፣ ይሰባበራል፤ ካሳነስኸው መቼም አይደርቅም። በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ በላይ አትበጥብጥ፤ ጥልቅ ጣሳ ውስጥ ከተውኸው ጭስ እስኪያወጣ ይፈላል፣ ሰፊ ትሪ ላይ ገልብጠው። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ 3 ሰዓት ላይ ጀምረህ 9 ሰዓት ላይ ጨርስ፤ ሁልጊዜ ጥላ ውስጥ።

ሃርድነሩ ውሃ ይመስላል። በሃይላንድ ቀድተው ከሰጡህ ቤት ውስጥ አታስገባው፤ ሕፃን ውሃ ነው ብሎ ቢጠጣው ገዳይ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ መነጽር ሳታደርግ አትክፈተው፣ ከነካህም ቢያንስ 15 ደቂቃ በውሃ እያጠብህ ወደ ሐኪም ሩጥ። ኮባልት የሚባለውን ወይን ጠጅ መሳይ ፈሳሽ ለብቻው ከሰጡህ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር ይቀላቀል። ኮባልቱንና ሃርድነሩን በቀጥታ ካገናኘሃቸው ይፈነዳሉ። ግቢው ውስጥ ሬዚንና አሴቶን ተከፍቶ ሳለ የቡና ከሰል አይያያዝ፤ እናቶቻችንን አስቀድመህ ንገራቸው።

ስንጥቁን እንግዲህ። የሆዱ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ የውፍረቱን 12 እጥፍ፣ ማለትም 7 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ እንደ ሳሕን ዘቅዘቅ አድርገህ ከውስጥ በኩል ፍቀው። ትልቁን የማት ቁራጭ መጀመሪያ፣ ትንሹን መጨረሻ ለጥፍ፤ ትልቁ የተፋቀውን ሁሉ ይነካል። አንዱ ንብርብር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሰጥ ስድስት ያስፈልግሃል፤ ሦስት ዛሬ፣ ሦስት ነገ። ሬዚኑን መጀመሪያ የተፋቀው ቦታ ላይ ቀባ፣ ማቱን አስቀምጥ፣ ከላይ በብሩሽ ጠቅ ጠቅ አድርገው፤ አትጎትተው፣ ይበጣጠሳል። ነጩ ማት ቀስ እያለ እንደ እርጥብ ወረቀት ያሳያል። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ ካለ ሬዚን አልደረሰውም። በብረት ሮለር አየሩን አስወጣ።

ባቲላሜራ ብትቀጥር ለማለስለስ እጃቸው ወርቅ ነው። ግን ከውሃ በታች የመኪና ስቱኮ እንዳያስነኩት፤ ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፣ አብጦ ይወድቃል። ከውሃ በታች የኢፖክሲ ፕራይመር ሁለት ሦስት እጅ፣ ከላይ የመኪና ባለ ሁለት ዕቃ ቀለም ይበቃሃል። ለባሕር ጀልባ የሚሸጠውን ውድ የቀፎ ቀለም አትግዛ፤ ያ የባሕር ቀንድ አውጣ መሳዩን ለመከላከል ነው፣ ጣና ላይ የለም።

የሞተሩን ቡሎን ቀዳዳ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ18 ብሳው፣ በወፈረ ኢፖክሲ ድፈነው፣ ሲደርቅ በ12 መልሰህ ብሳ። ቡሎኑ እንጨት ሳይነካ ያልፋል፤ የድሮውን ግድግዳ ያበሰበሰው በዚያ የገባው ውሃ ነው። በፖሊዩሬታን ማሸጊያ፣ በሰፊ ሮንዴላ እሰረው። ሲሊኮን አይሁን፤ አንዴ ከነካው በኋላ ቀለምም ሬዚንም አይይዝለትም።

ሞተር ስትመርጥ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑን አስብ። በየ300 ሜትሩ ኃይሉ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት እዚህ 12 ያህል ነው። ከባድ ሞተር ከመስቀል ይልቅ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት) አንድ ሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር አስገባ፤ ግድግዳህም ይተርፋል።

የትራፓኖውን ፍርፋሪ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልኝ። ኮምፔንሳቶ ከመግዛትህ በፊት ልየው።