«ጎንበስ በሉ» ሲባል ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ነርስ ነኝ። ቅበት አካባቢ እየሠራሁ ወደ ቡታጅራ እመላለሳለሁ፣ ሕፃን ልጄን ይዤ። በገበያ ቀን ቅጥቅጡ ሞልቶም ረዳቱ መጣራቱን አያቆምም። መተላለፊያው ላይ ዱካ ይደረድራል። ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ሦስት እንሆናለን። ኬላ ሲቃረብ «ጎንበስ በሉ!» ይላል። ባለፈው አልጎነበስም አልኩ። ሾፌሩ «ካልተመቸሽ ውረጂ» አለኝ፤ ተሳፋሪውም የጮኸው እኔው ላይ ነው። ለመሆኑ የሰው ልክ የሚወሰነው በማን ነው? ታፋዬ ላይ የያዝኩት ልጅስ? እኔስ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አለመጎንበስሽ ትክክል ነው። መኪናው ሙሉ ሰው ሲጮህብሽ ጥፋተኛ የሆንሽ መስሎሽ ይሆናልና ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ።

የሰው ልክ ሾፌሩም ረዳቱም የሚወስኑት አይደለም። ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ከዚያ በላይ መጫን በትራፊክ ደንቡ ያስቀጣል። ብዙ ሰው ግን ቁጥሩ የምቾት ጉዳይ ይመስለዋል። «ትንሽ ተጠጋጉ፣ ሁላችንም እንድረስ» ይባላል። እኔ ዕድሜዬን መሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ያ ቁጥር የፍሬን ጉዳይ ነው።

ቅጥቅጥ መሠረቱ የአይሱዙ የጭነት መኪና ነው። ሻሲው ላይ እዚሁ አገር ቤት ቦዲ ይሠራለታል። ስለዚህ «ጭነት የለመደ መኪና ነው፣ ምን ይሆናል?» ይሉሻል። ጭነት ግን ታስሮ ይቀመጣል። የቆመ ሰው ኩርባ ላይ ሁሉም ባንዴ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል። አንዱን ሰው 60 ኪሎ እንበለው፤ አሥር ትርፍ ሰው 600 ኪሎ ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ የድንችና የእህል ጆንያ ሲጨመርበት ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ መገልበጥም ይቀለዋል። ከኋላ ሲታጨቅ ባሌስትራው፣ ማለት ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ፣ ይተኛል። የፊት ጎማ ይቀለዋል፤ መሪውም እንደ ልብ አይታዘዝም።

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርጂ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ ሾፌር በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ከልክ በላይ የጫነን መኪና ማርሹ ብቻውን አይይዘውም። ፍሬን መርገጥ ይመጣል፣ ደግሞ መርገጥ፣ ደግሞ መርገጥ። የፍሬኑ ሸራ ይግላል። የተቃጠለ ነገር ይሸትሻል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እስከ ወለል ቢረገጥም መኪናው አልቆም ይላል። የእናንተ መንገድ እንደዚያ አይወርድም፤ ግን ከብትና ተማሪ ድንገት ይገባበታል። ከባድ መኪና ለመቆም ረዘም ያለ ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦታ ከሌለ ማን እንደሚገጭ አንቺ ጤና ጣቢያ ሆነሽ አይተሻል።

ልጅሽን በተመለከተ፦ በድንገተኛ ፍሬን ክንድ ልጅ አይይዝም፣ የማንም ክንድ። አቅም ከፈቀደ ለእሱም ወንበር ክፈይለት፤ ውድ መሆኑ ይገባኛል። ካልሆነ ከበር ራቂ፣ የሾፌሩን ጎን ተዪው፣ መሃል አካባቢ ተቀመጪ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። መኪናው መናኸሪያ ውስጥ በልኩ ይጭናል፣ መውጫ ይቆረጥለታል። ከበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆምና ይሞላል። ኬላው ጠበቅ ያለ ቀን ደግሞ ትርፎቹን አውርዶ በባጃጅ ያሳልፋቸውና ማዶ መልሶ ይጭናቸዋል። ይህን የማያውቅ የስምሪት ሠራተኛ የለም። ሾፌሮቹ የሚያነሱት ችግር አለ፤ አልክድም። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው እየተነሳ ናፍጣ ተወዷል። ጎማውም መለዋወጫውም ሰማይ ነው። ተራ ይዞ ግማሽ ቀን መጠበቅም አለ። ይህ ሁሉ የታሪፍ ጉዳይ ነው፤ ቢሮ ተኪዶ ይነገራል። ዱካ ላይ በተቀመጠች እናት አይካካስም።

የጮኹብሽን ሰዎችም አልፈርድባቸውም። ጨው፣ ዘይትና ሳሙና ሸምታ ሳይጨልም ቤቷ መድረስ ያለባት ሴት «ሌላ መኪና ጠብቂ» ብትባል ሌላው መኪና የታለ? ችግሩ እዚያ ላይ ነው። የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ተጨማሪ መኪና መመደብ አለበት። ሰው በዝቶ መኪና የሚያንስበት ሰዓት የታወቀ ነው።

ስለዚህ መንገድ መሃል ብቻሽን አትጣይ። ከመሳፈርሽ በፊት ወደ ውስጥ እዪ፤ ዱካ ከተደረደረ ሂሳብ ሳትከፍዪ ውረጂ። ከፍለሽ ከተቀመጥሽ በኋላ «ውረጂ» ቢልሽ ግን አትውረጂ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው። ሰሌዳ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ። ሌሎች ነርሶችና መምህራንም በዚያው መንገድ ይመላለሳሉ፤ እነሱም ይጻፉ። ከዚያ ተፈራርማችሁ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አስገቡ። «ትርፍ ይጭናሉ» ብቻ አትበሉ፤ እሱን ያውቁታል። በስንት ሰዓት ስንት ሰው መኪና አጥቶ እንደሚቆም ቆጥራችሁ፣ ለዚያ ሰዓት መኪና ይመደብልን በሉ። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ይደረግላችሁ። መልስ ከዘገየ ቅጂውን ላኪልኝ፤ በዚሁ ዓምድ እጠይቅላችኋለሁ።